ሮዶልፎ ግራዚያኒ፦ ሕይወቱ፣ ሥራውና ያልተጠየቀበት ደም

በየዓመቱ የካቲት 12 ሲደርስ የግራዚያኒ ስም ይነሣል። ብዙዎቻችን ግን ሰውየውን የምናውቀው ከዚያች አንዲት ቀን ጋር ብቻ አያይዘን ነው። ከየት መጣ? ከኢትዮጵያ ከወጣ በኋላስ ምን ሆነ? ለሠራው ሥራ ፍርድ አገኘ ወይ? ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ስንጓዝ በጣርማ በር ዋሻ እናልፋለን፣ ደሴ ስንገባም ፒያሳ እንላለን፤ የጣሊያን ዘመን አሻራ በየዕለት ኑሯችን ውስጥ አለ። ስለዚህ ታሪኩን በቅደም ተከተል ማወቅ ይገባናል። በዚህ ጽሑፍ በአገራችን የተፈጸመውን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ በውጭ አገር የተፈጸመውን ደግሞ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) አስቀምጠናል።

ልደቱና አነሣሡ

ሮዶልፎ ግራዚያኒ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 11 ቀን 1882 ከሮም በስተ ምሥራቅ ባለችው ፊሌቲኖ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። በወጣትነቱ ወታደር ሆኖ በኤርትራ አገለገለ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነትም ተዋግቶ ገና በወጣትነቱ የኮሎኔልነት ማዕረግ አገኘ። ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1922 ሥልጣን ሲይዝ ግራዚያኒ በሊቢያ በጦር አዛዥነት ላይ ነበር። ፋሺዝም መንግሥትን ከሰው በላይ የሚያደርግ፣ አንድን ሕዝብ ከሌላው የሚያስበልጥና ጦርነትን እንደ ክብር የሚቆጥር አስተሳሰብ ነው። ግራዚያኒ ይህን አስተሳሰብ በሙሉ ልቡ ተቀበለ፤ እስከ ዕለተ ሞቱም አልተወውም።

የሊቢያው ልምምድ

እ.ኤ.አ. በ1930 የምሥራቅ ሊቢያ ምክትል ገዥ ሆኖ ተሾመ። አርበኞቹን ከሕዝቡ ለመነጠል ወደ 100,000 የሚጠጋ አርብቶ አደር ከነቤተሰቡ ከመሬቱ ነቅሎ በበረሃ ውስጥ በሽቦ በታጠረ ካምፕ አጎረ። በረሃብና በበሽታ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩት አለቁ። የተቃውሞው መሪ የነበሩት አረጋዊው ኦማር ሙክታር ተይዘው እ.ኤ.አ. መስከረም 16 ቀን 1931 በሕዝብ ፊት ተሰቀሉ። በኋላ በእኛ አገር የሆነው ነገር ድንገተኛ እንዳልነበረ ከዚህ እንረዳለን።

የ1928ቱ ጦርነት እና ደሴ

ጣሊያን ኢትዮጵያን የወረረችው በሁለት ግንባር ነበር። በሰሜን በኩል በመጀመሪያ ዴ ቦኖ፣ ቀጥሎም ባዶሊዮ አዘዙ። በደቡብ በኩል ከሶማሊያ የተነሣውን ጦር ያዘዘው ግራዚያኒ ነው። ይህን መለየት ለደሴ ሰው ይጠቅማል። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በደሴ ሰፍረው ሳለ ከተማይቱን በአውሮፕላን የደበደበው፣ በአድቬንቲስት ሚሲዮን ሆስፒታልም ላይ ቦምብ የጣለው የሰሜኑ ጦር ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን ደሴን የያዘውም ያው ጦር ነው። ባዶሊዮ ከደሴ ተነሥቶ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ።

ይሁን እንጂ ግራዚያኒ በደቡብ የሠራው ከዚህ የተለየ አልነበረም። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. አውሮፕላኖቹ በዶሎ አካባቢ መልካ ዲዳ በተባለ ስፍራ የነበረውን የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል ደበደቡ። ሕሙማን በተኙበት አለቁ፤ ጉናር ሉንድስትሮም የተባለ ስዊድናዊ ሠራተኛም ሞተ። የቡድኑ መሪ ዶክተር ፍሪደ ሁላንደር የወንጌል ሚሲዮናዊ ልጅና ራሳቸውም ሚሲዮናዊ ሐኪም ነበሩ፤ በድብደባው ቆስለዋል። የመርዝ ጋዝም በሁለቱም ግንባሮች ተረጭቷል።

የንጉሡ እንደራሴ

ባዶሊዮ ወደ ጣሊያን ሲመለስ ግራዚያኒ በሰኔ 1928 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ገዥና የጣሊያን ንጉሥ እንደራሴ ሆነ። ከሮም የመጣለት ትእዛዝ የተያዙ አርበኞች ይረሸኑ፣ የተቃወመ አካባቢም በሽብር ይገዛ የሚል ነበር። እርሱም ሳያመነታ ፈጸመው። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስ ለወራሪው አልገዛም በማለታቸው በአዲስ አበባ ተረሸኑ። በ1929 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ሦስቱ የራስ ካሣ ልጆች ተገደሉ፤ ከእነርሱ አንዱ ደጃዝማች ወንድወሰን በእኛው በወሎ ምድር በላስታ ሲዋጉ የነበሩ ናቸው። ራስ ደስታ ዳምጠውም የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም. በቡታጅራ አካባቢ ተያዙና ተረሸኑ።

የካቲት 12

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት (ዛሬ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ በሆነው ግቢ) ለድሆች ምጽዋት ሲያድል፣ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት። ቆሰለ እንጂ አልሞተም። በዚያው ዕለት የአዲስ አበባው የፋሺስት ፓርቲ ኃላፊ ጉይዶ ኮርቴሴ ለጥቁር ሸሚዞቹ በሕዝቡ ላይ የፈለጉትን እንዲያደርጉ ፈቀደ። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው በአካፋና በጥይት ተገደለ፤ ጎጆዎች ከነሰዎቻቸው ተቃጠሉ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ብሎ መዝግቧል፤ ጉዳዩን ለብዙ ዓመታት ያጠናው ኢያን ካምቤል ደግሞ 19,000 ገደማ ይላል። በየትኛውም ቁጥር ብንሄድ፣ አብዛኞቹ ስለ ቦምቡ ምንም የማያውቁ ነበሩ።

ቀጥሎ ተራው የተማሩ ወጣቶችና የመኳንንት ሆነ። ከ400 በላይ የሚሆኑት ወደ ጣሊያን ተጋዙ፤ ሌሎች በሶማሊያ ዳናኔ እና በቀይ ባሕር ኖኩራ ታሰሩ። ግራዚያኒ ከአገር አገር የሚዞሩ አዝማሪዎች፣ ጠንቋዮችና ባሕታውያን ወሬ ያዛምታሉ በማለት ተይዘው እንዲገደሉም አዘዘ። አዝማሪ በየበዓሉ በሚታይበት በወሎ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም መንገር አያሻም።

ደብረ ሊባኖስ

ግራዚያኒ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ከቦምብ ወርዋሪዎቹ ጋር ተባብረዋል አለ። ጄኔራል ማሌቲን ላከ። ለግንቦት 12 በዓል የመጡት ምእመናን እንኳ ሳይለዩ መነኮሳቱ ግንቦት 13 ቀን 1929 ዓ.ም. በጭነት መኪና ተወስደው በመትረየስ ተረሸኑ። ግራዚያኒ ራሱ ወደ ሮም በላከው ዘገባ በመጀመሪያ 297 መነኮሳትንና 23 ሌሎችን፣ ከቀናት በኋላም በደብረ ብርሃን አካባቢ 129 ዲያቆናትን እንደረሸነ በኩራት ጽፏል። የኋላ ጥናቶች ቁጥሩ ወደ 2,000 እንደሚጠጋ ያሳያሉ። በትምህርት የማንስማማባቸው ቢሆኑም፣ ያለ ፍርድ የፈሰሰው የእነዚህ ሰዎች ደም የእኛም የወገኖቻችን ደም ነው።

በወንጌል ሥራ ላይ

በዚሁ ዘመን የፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን አንድ በአንድ ከአገር ተባረሩ። የኤስ አይ ኤም ሚሲዮናውያን በ1929 ዓ.ም. ከወላይታ ሲወጡ የተጠመቁት ምእመናን 48 ብቻ ነበሩ። ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚጠጉ አማኞች አገኙ። ወንጌሉን ያደረሱት እየታሰሩና እየተገረፉ የሰበኩት የአገሬው ወንድሞች ናቸው።

ከኢትዮጵያ በኋላ

ጭካኔው አመፁን ከማብረድ ይልቅ አባባሰው፤ በ1929 ዓ.ም. ክረምት ላስታን ጨምሮ በብዙ ስፍራ አርበኞች ተነሡ። ግራዚያኒ በታኅሣሥ 1930 ዓ.ም. በአኦስታው መስፍን ተተካ። እ.ኤ.አ. በ1940 በሊቢያ ጦሩን እየመራ ግብፅ ገባ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ግን በእንግሊዝ ጦር ክፉኛ ተሸነፈና ሥልጣኑን ለቀቀ። በ1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ጦር ከኢትዮጵያ አርበኞች ጋር ሆኖ ሚያዝያ 14 ኮምቦልቻን፣ ሚያዝያ 18 ደሴን ነጻ አወጣ። ሙሶሊኒ ከወደቀ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1943 ሂትለር በሰሜን ጣሊያን ባቆመለት መንግሥት ውስጥ ግራዚያኒ የመከላከያ ሚኒስትር ሆነ፤ ጦርነቱ ሲያበቃም ተማረከ።

ያልተጠየቀበት ደም

ውድ አንባቢ፣ የታሪኩ ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ኢትዮጵያ ግራዚያኒንና ባዶሊዮን ጨምሮ የ10 ጣሊያናውያንን ስም ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀሎች ኮሚሽን አቀረበች። ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ1948 በግራዚያኒ ላይ ክስ ለመመሥረት የሚያበቃ ማስረጃ እንዳለ ተቀበለ። ነገር ግን ጣሊያን አልሰጠችም፤ ታላላቆቹ መንግሥታትም ጉዳዩን አልገፉበትም። ባዶሊዮ እ.ኤ.አ. ከ1943 ጀምሮ ከእነርሱ ጋር ስለቆመ ለፍርድ እንዲቀርብ አልፈለጉም።

ግራዚያኒ የተከሰሰው በገዛ አገሩ ፍርድ ቤት፣ ያውም ከጀርመን ጋር በመተባበር ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1950 ወታደራዊ ፍርድ ቤት 19 ዓመት ፈረደበት፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ተፈታ። ስለ የካቲት 12፣ ስለ ደብረ ሊባኖስና ስለ ሊቢያ ካምፖች አንድም ዳኛ አልጠየቀውም። እ.ኤ.አ. በ1953 የፋሺዝም ወራሽ የሆነው ቀኝ አክራሪ ፓርቲ፣ የጣሊያን ማኅበራዊ ንቅናቄ፣ የክብር ፕሬዚዳንቱ አደረገው። እ.ኤ.አ. ጥር 11 ቀን 1955 በሮም ሞተ።

በዚህ አላበቃም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2012 አፊሌ በተባለችው የጣሊያን ከተማ በሕዝብ ገንዘብ የመታሰቢያ ሕንፃ ተሠራለት። ኢትዮጵያውያን በአገር ውስጥም በውጭም ተቃወሙ። እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ ፍርድ ቤት የከተማይቱን ከንቲባና ሁለት የምክር ቤት አባላት ፋሺዝምን በማወደስ ጥፋተኞች አላቸው፤ ክርክሩ ግን በይግባኝ ቀጠለ።

ምን እንያዝ?

አንደኛ፣ ፍትሕ ሲቀር ውሸት ቦታውን ይወስዳል። በ1950 ሳይጠየቅ የቀረ ሰው በ2012 ጀግና ተብሎ ሐውልት አገኘ። ሁለተኛ፣ «መንገድ ሠርተውልናል» የሚለውን አባባል እንመርምር። መንገዱ የተሠራው ጦርና ስንቅ እንዲያልፍበት ነው፤ ዛሬ ብንጠቀምበትም የደሙ ዋጋ ሊሆን አይችልም። ሦስተኛ፣ ግራዚያኒ ክርስቲያኑን ከሙስሊሙ፣ አንዱን ነገድ ከሌላው ለመለየት ብዙ ደክሟል። አብሮ የመኖር ባህል ባለበት በደሴና በኮምቦልቻ ይህን ማስታወስ ተገቢ ነው፤ አንድን ወገን ከሌላው የሚያስበልጥ ንግግር በማንም አፍ ቢመጣ፣ በእኛ ቋንቋም ቢሆን፣ መነሻውና መድረሻው ያው ነው።

የአቤል ደም ከምድር ይጮህ እንደነበረ እናውቃለን። የሰው ፍርድ ቤት ዝም ቢል እግዚአብሔር አይረሳም። እኛም ታሪኩን ሳናጋንንና ሳናሳንስ ለልጆቻችን እንንገር።