በረዶ ያወጣው ዓሣ፣ ዋሻ የያዘው አጥንት

በድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ አጥር ሥር ቆሞ ስለ ደቡብ ዋልታ በረዶ ማውራት ለሰሚው ቀልድ ሳይመስል አይቀርም። ድሬ ላይ በረዶ ማለት ለስላሳ የሚያቀዘቅዝ ነገር ነው፤ ከዚያ ያለፈ ትርጉም የለውም። ታዲያ ሁለቱን ምን አገናኛቸው? የሚያገናኛቸው አጥንት ነው። አንድ አጥንት አንድ ቦታ ሲገኝ እንስሳው እዚያው ኖሮ እዚያው ሞተ ማለት ነው ወይ? ይህን ጥያቄ ዋልታው ላይ የጠየቁ ሰዎች አሉ፤ እዚሁ ድሬ ከደቻቱ አሸዋ በላይ ባለው ገደል ውስጥም ተጠይቋል። (በጽሑፋችን የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እስቲ ከሩቁ እንጀምር። በአንታርክቲካ ምድር ላይ የሚወርደው ብናኝ በረዶ አይቀልጥም፤ ያምናው ላይ የዘንድሮው ይደረብበታል። የላዩ ክብደት የታችኛውን እየተጫነ አየሩን ያስወጣውና ብናኙ ወደ ጠጣር ግግር ይለወጣል። ይህ ግግር ታዲያ ዝም ብሎ አይቀመጥም። በገዛ ክብደቱ እየተገፋ፣ ለዓይን በማይታይ ዝግታ፣ ወደ ቁልቁለቱ ይፈሳል። ባሕር ሲደርስም ወዲያው አይሰበርም፤ ጀርባው ከምድሩ እንደተያያዘ ፊቱ ውኃው ላይ ይንሳፈፋል። ጀምስ ክላርክ ሮስ በ1841 ከመርከቡ ሆኖ ያየውና ኋላ በስሙ የተጠራው ተንሳፋፊ ግግር ስፋቱ የፈረንሳይን አገር ያህላል፤ ውፍረቱም በመቶዎች በሚቆጠሩ ሜትሮች የሚለካ ነው። ከፊት ለፊት እየተገመሰ ይሄዳል፤ ከሥር ደግሞ እንደ ቦታው ሁኔታ ወይ ባሕሩ ያቀልጠዋል፣ ወይ የባሕሩ ውኃ ራሱ እየረጋ ይለጠፍበታል።

ነገሩ የሚጥመው እዚህ ላይ ነው። በማክመርዶ አካባቢ የሄዱ አሳሾች በግግሩ ገጽ ላይ፣ ማለትም ከባሕሩ በላይ፣ ዓሣና ስፖንጅ ዛጎልም ተበትኖ አገኙ። ማን አወጣው? ወፍ ነው እንዳይባል፣ የባሕር ወለል ላይ ተጣብቆ የሚኖር ስፖንጅ ወፍ አይለቅመውም። የስኮት ጉዞ (1910–1913) አባል የነበረው የምድር ጥናት ሰው ፍራንክ ዴብናም መልሱን አገኘ። ግግሩ ጥልቀት በሌለው ቦታ የባሕሩን ወለል ሲነካ ወለሉ ላይ ያለው ሁሉ ከሥሩ አብሮ ይረጋል። ከላይ ግን ደረቁ ነፋስና ፀሐይ በየዓመቱ ገጹን ይበሉታል። በመሶብ የተደራረበ እንጀራ አስቡ፤ ከላይ እየተነሣ ቢበላና አዲሱ ከሥር እየተሰካ ቢጨመር፣ ከሥር የገባው አንድ ቀን ከላይ ይገኛል። ዓሣውም የወጣው እንደዚሁ ነው። እንደዚህ ባለ ቦታ ከላይ ያለው አዲስ፣ ከታች ያለው አሮጌ ነው የሚለው የትምህርት ቤት ደንብ አይሠራም፤ እንዲያውም ይገለበጣል።

በዚያው አገር በረዶ አልባ የሆኑ ደረቅ ሸለቆዎች አሉ። እዚያ ደግሞ ከባሕር ብዙ ኪሎ ሜትር ርቀው የደረቁ የባሕር አንበሳ መሰል እንስሳት (ሲል ይባላሉ) ተገኝተዋል። እነዚህን ማንም አልተሸከማቸውም፤ መንገድ ስተው በሆዳቸው እየተሳቡ ሄደው ሞቱ፤ ብርዱና ነፋሱ ቆዳቸውን ጠብቆ አኖረው። አንዱ አጥንት ተጓዘ፣ አንዱ ተወሰደ። ልዩነቱን የሚነግረን አጥንቱ ብቻውን አይደለም፤ የተቀመጠበት ነገር እንዴት እንደተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በ1929 ፈረንሳዊው ቄስና የምድር ጥናት ሊቅ ቴይላር ደ ሻርደንና አንሪ ደ ሞንፍሬድ ድሬዳዋ አጠገብ አንድ የኖራ ድንጋይ ዋሻ አገኙ። ፖርክ-ኤፒክ አሉት፤ በእኛ ቋንቋ ጃርት ማለት ነው። (ዋሻው በዓለም መጻሕፍት ሁሉ በፈረንሳይኛ ጃርትነቱ ጸንቶ መቅረቱ ትንሽ ያስተዛዝባል።) በ1933 አንሪ ብሬይና ፖል ዌርነርት ቆፈሩ፤ የሰው መንጋጋ ቁራጭም ወጣ። በ1974 ዴዝሞንድ ክላርክ፣ በ1975 እና በ1976 ደግሞ ኬነት ዊልያምሰን ቁፋሮውን ቀጠሉ።

ዋሻው ውስጥ ያለው ንብብር እንደ ማክመርዶ ግግር አይገለበጥም፤ ከላይ የወደቀ አፈርና ጠጠር፣ ድንጋይና አጥንት እየተደራረበ፣ ከጣሪያው የሚንጠባጠበው የኖራ ውኃ እንደ ሲሚንቶ እያጣበቀው የተሠራ ነው። ይሁንና ጥያቄው ያው ነው፦ አጥንቱን ማን አስገባው? ጅብ ሥጋ ጎትቶ ጉድጓዱ ያስገባል፤ ጃርትም ጥርሱን ለመሞረድ አጥንት ይለቅማል። ስለዚህ «ዋሻ ውስጥ አጥንት አለና ሰው አድኖ በልቷል» ማለት ችኮላ ነው። ዘላለም አሰፋ የተባለው ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ በ2006 ባወጣው ጥናት አጥንቶቹን እያገላበጠ የድንጋይ ቢላዋ ጭረትን፣ ቅልጥም ለማውጣት የተመታበትን ምልክትና የአውሬ ጥርስን ለየ። ውጤቱ ለሰው ፈረደ፤ ከቦታው የተሰበሰበው እንስሳ በአብዛኛው የሰው አደን ነው። ሚዳቋ መሰሎች፣ አነስተኛና መካከለኛ የቀንድ እንስሳት፣ ሽኮኮም አሉበት። እኛን የገረመን ቀላልነቱ ነው። ዝሆን አንበሳ አልተባለም፤ የእለት ጉርስ ነው። ከ400 በላይ የቀንድ አውጣ ክዳኖችም ተገኝተዋል፤ አብዛኞቹ የተበሱ በመሆናቸው ለጌጥ ሳይውሉ አልቀሩም ተብሏል።

ዋሻው ከዛሬ 40,000 ዓመት ገደማ ሰው ሲኖርበት፣ በዚያው ዘመን ኢትዮጵያ ውስጥ በረዶ ነበር ብንል ማን ያምነናል? ግን ነበር። ባሌ ተራሮች ላይ፣ ዛሬ ጅብራና ግራምጣ በሚበቅልበት ከፍታ፣ ግግር ተኝቶ ነበር፤ እየገፋ ያመጣቸው የድንጋይ ክምሮች እስከ ዛሬ ይታያሉ። ጥናቶቹ በጣም የተስፋፋበትን ጊዜ ከ42,000 እስከ 28,000 ዓመት በፊት ያደርጉታል። ሰው ደግሞ ከዚያ ብርድ አልሸሸም። ፍንጫ ሐበራ በሚባለው የገደል ጥላ ሥር፣ ከባሕር ወለል 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች ሲመላለሱ እንደነበር በ2019 ታትሟል። ምን በሉ? ፍልፈል! ዛሬ በባሌ ብቻ የሚገኘውንና ቀይ ቀበሮ የሚያድነውን ግዙፉን ፍልፈል እየጠበሱ በሉ። እዚህ የዋልታው ዓይነት ተንኮል የለም፤ የተቃጠለው አጥንት ከምድጃው አጠገብ ነው።

ከዚያም የጠለቀ ዘመን አለ። በ1971 ዳው፣ ቤይዝና ጸጋዬ ኃይሉ ትግራይ ውስጥ የግግር ሥራ የሆኑ ድንጋዮች መገኘታቸውን ለዓለም አስታወቁ። ዕዳጋ ዓርቢ አካባቢ ባለው የጭቃ ድንጋይ ውስጥ ከሩቅ የመጡ ቋጥኞች ተሰክተዋል፤ ግግር የረገጠውና የቧጠጠው አለትም አለ። በውስጡ የተገኙት የጥንት ዕፅዋት ዘር ብናኞች ዘመኑን ወደ 300 ሚሊዮን ዓመት አደረሱት። አፍሪካ ያኔ ከአንታርክቲካ ጋር አንድ ምድር ሆና ከዋልታው ብዙም አልራቀችም ነበር። ስለዚህ የዋልታ በረዶ ታሪክ የሌላ ሰው ታሪክ አይደለም።

ወደ ፓርኩ አጥር ስንመለስ ነገሩ የሚያሳስበን ለዚህ ነው። ድሬ ሲሚንቶ መሥራት የጀመረችው በ1936 ነው፤ ለሲሚንቶውም ለግንባታውም የሚፈለገው የኖራ ድንጋይ ዋሻውን የያዘው ዓይነት ድንጋይ ነው፤ እሱም የጥንት ባሕር ዝቃጭ ነው። ፓርኩን ያቀፈው ነፃ የንግድ ቀጣና በ2022 ተመርቋል፤ መንገድና መጋዘን፣ ጠጠርና ኖራ መፈለጉ አይቀርም። ሥራ ለድሬ ወጣት ያስፈልገዋል፤ በዚህ አንከራከርም። ግን ዲናሚት የበተነው ንብብር ከላይ የትኛው፣ ከታች የትኛው እንደነበር አይናገርም። በ1975 እና በ1976 የተቆፈረው ቀለም ያለው ድንጋይ 40 ኪሎ ያህል ነው፤ ያን ሰብስቦ የመረመረው ጥናት የታተመው በ2017 ነው። ቢያንስ 4,500 ዓመት የዘለቀ የቀለም አሠራር መሆኑን ማሳየት የተቻለው፣ ከ40 ዓመት በፊት የቆፈሩት ሰዎች እያንዳንዱ ቁራጭ ከየትኛው ጥልቀት እንደወጣ ጽፈው ስላስቀመጡ ነው።