ዥዋዥዌ ያለበት ክፍል

በ1800 (የዚህ ጽሑፍ ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከደቡብ ፈረንሳይ ደኖች ወጥቶ የተያዘ አንድ ልጅ ወደ ፓሪስ ተወሰደ። ወጣቱ ሐኪም ዣን ኢታር ስለ እርሱ የጻፈው ዘገባ ዛሬም ያስደንቃል። ከኋላው ሽጉጥ ቢተኮስ ዘወር አይልም፤ ዋልነት የተባለው የሚወደው ፍሬ ቅርፊቱ ቀጭ ሲል ግን ወዲያው ይዞራል። ከሚፈላ ውኃ ውስጥ ድንች በእጁ ያወጣል። ስመ ጥሩው ሐኪም ፒኔል «አእምሮው የማይድን ነው» ሲል ፈረደበት። ኢታር ግን ስሜቶቹ ያልተገሩ ናቸው እንጂ ብሎ በየቀኑ ለሰዓታት በሙቅ ውኃ ያጥበው ጀመር። ውሎ አድሮ ልጁ ውኃውን በጣቱ እየለካ፣ በደንብ ካልሞቀ አልገባም ማለትን ተማረ። በ1828 እስኪሞት ድረስ ግን አንደበቱ አልተፈታም።

የኢታርን መንገድ ደቀ መዝሙሩ ሴጌን አሰፋው፤ ከሴጌን ደግሞ ማሪያ ሞንቴሶሪ ወስደው በ1907 በሮም የድሆች ሰፈር የሕፃናት ቤት ከፈቱበት።

ጂን ኤርስ በ1920 በካሊፎርኒያ፣ ቫይሴሊያ ተወለዱ። ያደጉት በዋልነት እርሻ ላይ ነው፤ አጋጣሚው ይገርማል። የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያ ሆነው ፊደል የሚምታታባቸውን፣ ሲሮጡ የሚደናቀፉትን፣ የሸሚዝ ስፌት እንደ እሾህ የሚወጋቸውን ልጆች እያዩ ጠየቁ፦ ዓይናቸውም ጆሯቸውም ደኅና ከሆነ ችግሩ የት ላይ ነው? መልሳቸው ከሦስት ብዙም ከማይታሰብባቸው ስሜቶች ተነሣ። እነዚህም መዳሰስ፣ በውስጠኛው ጆሮ ያለው የሚዛን ስሜትና ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ የሚመጣው ስሜት ናቸው። አንባቢ ሆይ፣ ዓይንዎን ጨፍነው አፍንጫዎን በጣትዎ ይንኩ፤ ጣትዎን የመራው ሦስተኛው ነው። አንጎል እነዚህን ማቀናጀት ሲያቅተው ትምህርትም ጠባይም ይታወካል ብለው በ1972 በመጽሐፍ አሳተሙ።

የሕክምና ክፍላቸው ከሐኪም ቤት ይልቅ መጫወቻ ቦታ ይመስል ነበር። ከጣራ የተንጠለጠለ ዥዋዥዌ፣ በሆድ ተኝተው ቁልቁል የሚንሸራተቱባት ባለ ጎማ ሳንቃ ነበሩበት። ልጁ ይመርጣል፤ ባለሙያው ጨዋታውን ከአቅሙ ጥቂት ከፍ ያደርግለታል። ዥዋዥዌ ላይ ሆኖ ኳስ የሚወረውር ልጅ ሚዛኑን፣ ዓይኑንና ክንዱን በአንድ ጊዜ ማስማማት ግድ ይሆንበታል። መነካት የሚያስበረግገው ልጅ በግድ አይነካም። (በአንድ እግር የሚዘለልባት የእኛዋ ሰኞ ማክሰኞም ሚዛንን ታሠራለች፤ ሕክምና ናት ማለቴ ግን አይደለም።) «አርፈህ ተቀመጥ» በሚል ቁጣ ለኖረ ልጅ፣ እንቅስቃሴው ጥፋት ሳይሆን ፍላጎት ሊሆን እንደሚችል የሚያውቅ ሰው ማግኘቱ ቀላል ነገር አልነበረም።

ኤርስ በ1988 ዐረፉ፤ ክርክሩ ግን ቀጠለ። በ2012 የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ችግሩን ራሱን እንደ ቻለ በሽታ አድርጎ መመርመር አይገባም፣ ስለ ሕክምናውም ያለው ማስረጃ ውስን መሆኑ ለወላጆች ይነገር አለ። በ2014 በአሜሪካ 32 ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች የተሳተፉበት ሙከራ ጥሩ ውጤት አሳየ። በ2022 የታተመውና 138 ልጆችን የያዘው የብሪታንያ ሙከራ ግን ከተለመደው እንክብካቤ የተሻለ ነገር አላገኘም። እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱ የለኩት አንድ ነገር አልነበረም። የመጀመሪያው በዋናነት ወላጆች ለየልጃቸው የተመኙትን ግብ ለካ፤ ሁለተኛው የልጆቹን ብስጭትና ቁጣ።