የእንቁጣጣሽ ሥዕል

የእንቁጣጣሽ ሥዕል በኢትዮጵያ የዘመን መለወጫ ዕለት፣ መስከረም 1 ቀን፣ ልጆች በወረቀት ላይ አዘጋጅተው ለወላጆች፣ ለዘመዶችና ለጎረቤቶች የሚሰጡት በእጅ የተሠራ የመልካም ምኞት ሥዕል ወይም ካርድ ነው። ተቀባዩ በምላሹ ልጁን ይመርቃል፤ እንደ አቅሙም ጥቂት ገንዘብ ወይም ዳቦ ይሰጣል። ሥዕሉ በእርሳስና በከለር ብቻ ሊሠራ ይችላል፤ ከቁርጥራጭ ወረቀት ተቆርጦ በሙጫ ሊለጠፍም ይችላል። በፖስታ ከሚላከው የታተመ ፖስት ካርድ የሚለየው ሠሪውና ሰጪው አንድ ሰው በመሆናቸው ነው።

በዓሉና ስያሜው

እንቁጣጣሽ የክረምቱ ማብቂያና የአዲሱ ዓመት መጀመሪያ ነው። በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ብዙውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ቀን ይውላል፤ ጳጉሜ 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ማግስት ግን ሴፕቴምበር 12 ቀን ይሆናል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ዕለቱ የመጥምቁ ዮሐንስ መታሰቢያም ስለሆነ በብዙ ቦታ «ቅዱስ ዮሐንስ» ተብሎ ይጠራል። ስያሜውን በተመለከተ በስፋት የሚተረከው አፈ ታሪክ ንግሥተ ሳባ ከኢየሩሳሌም ስትመለስ «እንቁ ለጣትሽ» ተብሎ ዕንቁ እንደተበረከተላት ይናገራል። ስለዚህ በትረካው መሠረት የበዓሉ ስም ራሱ ከስጦታ ጋር የተያያዘ ነው።

የአሰጣጡ ልማድ

በክረምቱ መጨረሻና በአዲሱ ዓመት መግቢያ ልጆች ቤት ለቤት የሚዞሩባቸው በርካታ ልማዶች አሉ። በቡሄ ወንዶች ልጆች «ሆያ ሆዬ» እያሉ ሙልሙል ዳቦ ይቀበላሉ። በእንቁጣጣሽ ልጃገረዶች አደይ አበባና ለምለም ሣር ይዘው «አበባየሆሽ» ይጨፍራሉ። ሥዕል ማደል በተለምዶ የወንዶች ልጆች ድርሻ ሆኖ ቆይቷል፤ ዛሬ ግን ሴቶች ልጆችም ይሥላሉ።

ሥዕሎቹ የሚዘጋጁት በነሐሴ መጨረሻና በጳጉሜ ቀናት፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆች ቤት በሚውሉበት ጊዜ ነው። በመስከረም 1 ቀን ጠዋት ልጁ አዲስ ወይም የታጠበ ልብሱን ለብሶ በየቤቱ እየገባ «እንኳን አደረሳችሁ» ይልና ሥዕሉን በሁለት እጁ ያቀርባል። ዋጋ አይጠራም፤ የሚሰጠውም ገንዘብ የሥዕሉ ዋጋ ሳይሆን ምላሽ ነው። የሚሰጠው የሌለው ሰው ቢመርቅ ይበቃል፤ ሥዕሉም ተመልሶ አይወሰድም። ለብዙ ልጆች ከበዓሉ የሚገኘው ሳንቲም በዚያው ወር ለሚከፈተው ትምህርት እርሳስና ደብተር መግዣ ይሆናል።

የሚሣሉ ነገሮች

በብዛት የሚሣለው አደይ አበባ ነው። አደይ አበባ ከክረምቱ መውጣት ጋር ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ሜዳውን ቢጫ የሚያደርግ የኢትዮጵያ ተክል ሲሆን የአዲሱ ዓመት ምልክት ሆኖ ይታያል። ከእርሱ ሌላ ክንፍ ያላቸው መላእክት፣ የምትወጣ ፀሐይ፣ ወፎች፣ ችቦ፣ ጀበናና ሲኒ፣ የሣር ክዳን ቤት እንዲሁም ሰንደቅ ዓላማ የተለመዱ ናቸው። በመላእክቱ ላይ የሚታዩት ትልልቅ ዓይኖችና ወደ ተመልካቹ የዞረ ፊት በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ካሉት ሥዕሎች የተወሰዱ ናቸው።

ወረቀትና ቀለም

ለሥዕሉ የተለየ ወረቀት መግዛት አያስፈልግም። ያለፈው ዓመት ደብተር ያልተጻፈባቸው ገጾች፣ የደብተር ልባስ፣ የስኳርና የሻይ ቅጠል መጠቅለያ፣ የጫማ ካርቶን፣ ጋዜጣና ጊዜው ያለፈበት የግድግዳ የቀን መቁጠሪያ ያገለግላሉ። የቀን መቁጠሪያ ወረቀት ወፍራምና አንጸባራቂ ስለሆነ ቅርጽ ለመቁረጥ ይመቻል፤ ሙጫ ግን ቶሎ አይዝለትም። የካርቶን ውስጠኛ ገጽ ለካርዱ ጀርባ ይሆናል።

ከለር በሌለበት ቤት ቀለም ከደጅ ይገኛል። ለምለም ቅጠል ወረቀት ላይ ሲታሽ አረንጓዴ፣ የአበባ ቅጠል ሲታሽ ቢጫ፣ ከሰል ጥቁር፣ የተፈላ ቡና ቡኒ ይሰጣል። የቅጠልና የአበባ ቀለም ግን ብርሃን ሲያገኘው በጊዜ ብዛት ይደበዝዛል።

ሙጫ

በአማርኛ «ሙጫ» የሚለው ቃል ከዛፍ ግንድ የሚንጠባጠበውን ዝልግልግ ፈሳሽም፣ ማንኛውንም ማጣበቂያም ያመለክታል። ከግራር ዝርያዎች የሚገኘው ሙጫ በውኃ ሲሟሟ ወረቀት ያጣብቃል፤ ከቀለም ጋር ሲደባለቅም ቀለሙን ከገጹ ጋር ይይዛል። «ኮላ» የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ወረቀት በመለጠፍ የሚሠራው ሥዕል «ኮላጅ» መባሉ ደግሞ «መለጠፍ» ከሚል የፈረንሳይኛ ግሥ ነው። የሁለቱም ቃላት ሥር ሙጫ የሚል ትርጉም ያለው የግሪክ ቃል ነው።

በቤት ውስጥ በቀላሉ የሚዘጋጀው የዱቄት ሙጫ ነው። አንድ እጅ የስንዴ ዱቄት በአንድ እጅ ቀዝቃዛ ውኃ እንዳይጓጉል ሆኖ ይበጠበጣል። አራት እጅ ውኃ ይፈላል፤ ብጥብጡ ቀስ እየተባለ ይጨመርበትና እሳቱ ቀንሶ ሳያቋርጡ ያማስሉታል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይወፍራል፤ ነጭነቱም ቀንሶ ማስተላለፍ ይጀምራል። ከወረደ በኋላ ሲበርድ ለሥራ ይደርሳል። ምክንያቱ በዱቄቱ ውስጥ ያለው ስታርች በሙቀት ውኃ ጠጥቶ ማበጡ ነው፤ በቀዝቃዛ ውኃ ብቻ የተበጠበጠ ዱቄት ሲደርቅ የሚረግፈውም በዚሁ ምክንያት ነው። ትንሽ ጨው ሲጨመርበት ሻጋታን ያዘገያል፤ ሆኖም ሙጫው ከጥቂት ቀናት በላይ አይቆይም።

አሠራር

ካርድ ለመሥራት የተለመደው መጠን ያለው ወረቀት፣ ማለትም 21 በ29.7 ሴንቲ ሜትር የሆነው፣ ለሁለት እኩል ይቆረጣል። እያንዳንዱ ግማሽ መሐሉ ላይ ሲታጠፍ 10.5 በ14.8 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካርድ ይወጣል፤ ስለዚህ ከአንድ ወረቀት ሁለት ካርድ ይገኛል። ወፍራም ወረቀት ከመታጠፉ በፊት በማስመሪያና ቀለም ባለቀበት እስክሪብቶ ጫፍ መስመር ቢሰመርበት እጥፋቱ ቀጥ ይላል። ወረቀት በአንድ አቅጣጫ በቀላሉ ይታጠፋል፣ በሌላው ይሰነጠቃል፤ ይህም በፋብሪካ ሲሠራ ጭረቶቹ ወደ አንድ ወገን ስለሚተኙ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ በትንሽ ቁራጭ መሞከር ይጠቅማል።

ከቁርጥራጭ አበባ ሲሠራ ቅደም ተከተሉ የሚከተለው ነው። መጀመሪያ ሁሉም ቁራጭ ሳይለጠፍ በካርዱ ላይ ይደረደራል፤ ቦታው ከተወሰነ በኋላ ብቻ ሙጫ ይነካል። ግንዱና ቅጠሉ ቀድመው፣ ቢጫዎቹ የአበባ ቅጠሎች ቀጥለው፣ የመሐሉ ክብ በመጨረሻ ይለጠፋል። ሙጫው በቀጭኑ ከመሐል ወደ ዳር ይቀባል። እርጥብ ወረቀት ስለሚያብጥና ሲደርቅ ስለሚኮማተር፣ ሙጫ የበዛበት ካርድ ይጣመማል። ይህንን ለመከላከል ካርዱ በንጹሕ ወረቀት መካከል ተደርጎ ከባድ መጽሐፍ ይጫንበታል፤ እስኪደርቅም አንድ ሌሊት ያድራል።

ጽሑፉ

በካርዱ ውስጥ የሚጻፈው አጭር ነው፤ «እንኳን አደረሳችሁ» ወይም «መልካም አዲስ ዓመት» የሚሉት የተለመዱ ናቸው። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር እያንዳንዱ ዓመት በአራቱ ወንጌላውያን ስም በተራ ስለሚጠራ ብዙዎች «እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ» ብለው ይጽፋሉ። ስሙን ለማወቅ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ይካፈላል፤ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ ነው። በዚህ ስሌት 2018 ዓ.ም. ዘመነ ማርቆስ፣ 2019 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ይሆናል። ጳጉሜ 6 ቀን የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ነው።

በሐዲያና በከምባታ

በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በአዲሎና በአካባቢያቸው መስከረም ከአንድ በላይ በዓል ያለበት ወር ነው። የሐዲያ የዘመን መለወጫ ያሆዴ እና የከምባታ መሳላ በመስቀል ሰሞን ይከበራሉ። ስለዚህ በአዲሎ ያለ ልጅ ለመስከረም 1 ቀን የጀመረውን ወረቀትና ሙጫ ለወሩ አጋማሽም ሊጠቀምበት ይችላል፤ የሚለወጠው የመልካም ምኞቱ ቃል ነው። ሐዲይኛና ከምባትኛ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ስለሆነ በአንድ ካርድ ላይ ሁለት ዓይነት ፊደል ጎን ለጎን ሊሰፍር ይችላል።

አካባቢው የእንሰት አገር መሆኑም ለዚህ ሥራ ይጠቅማል። ከእንሰት የሚገኘው ቡላ በአብዛኛው ስታርች በመሆኑ በውኃ ተበጥብጦ ሲፈላ እንደ ስንዴ ዱቄት ወፍሮ ወረቀት ይይዛል። የደረቀ የእንሰት ቅጠል ከቢጫ እስከ ጥቁር ቡኒ የተለያየ መልክ ስላለው እንደ ባለ ቀለም ወረቀት እየተቆረጠ ይለጠፋል፤ ቃጫው ደግሞ የካርድ ማሰሪያ ክር ይሆናል። ቅጠሉ ሙሉ በሙሉ ካልደረቀ ከተለጠፈ በኋላ ስለሚኮማተር አስቀድሞ በመጽሐፍ መካከል ተጭኖ መሰንበት አለበት።

በሌላው ዓለም

የመጀመሪያው ለገበያ የቀረበ የገና ካርድ በለንደን በ1843 እ.ኤ.አ. የታተመው ነው፤ ያሠራው ሄንሪ ኮል፣ የሣለው ጆን ካልኮት ሆርስሊ ነበር። ወረቀት ቆርጦ አበባ በመለጠፍ የምትታወቀው እንግሊዛዊት ሜሪ ዴላኒ ሥራዋን የጀመረችው በ72 ዓመቷ ሲሆን ወደ 1,000 የሚጠጉ የአበባ ሥዕሎቿ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛሉ። ፓብሎ ፒካሶና ዦርዥ ብራክ በ1912 እ.ኤ.አ. የጋዜጣና የግድግዳ ወረቀት ቁራጭ በሥዕሎቻቸው ላይ በመለጠፍ ኮላጅን የዘመናዊ ሥነ ጥበብ አካል አደረጉት። ቁርጥራጭ ጽሑፍና ሥዕል የሚለጠፍበት የመታሰቢያ ደብተርም ሰፊ ታሪክ አለው፤ ደራሲው ማርክ ትዌይን ገጾቹ ቀድሞ ሙጫ የተቀቡ ደብተር ፈልስፎ በ1873 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት አግኝቶበታል።

የልማዱ መለወጥ

በከተሞች፣ በተለይም በአዲስ አበባ፣ ታትመው የሚሸጡ ሥዕሎችና የፎቶ ኮፒ ቅጂዎች በእጅ የተሠራውን እየተኩ መጥተዋል። ቅጂ ያለው ልጅ በአጭር ጊዜ ብዙ ቤት ይደርሳል፤ በእጁ የሚሥለው ግን ጥቂት ብቻ ያዘጋጃል። ለውጡ የሚነካው የሥዕሉን መልክ ብቻ አይደለም። ሥዕሉ የልጁ ሥራ በነበረበት ጊዜ የሚሰጠው ሳንቲም ለድካሙ የተሰጠ ማበረታቻ ነበር፤ ሁሉም ተመሳሳይ ወረቀት ይዞ ሲመጣ ግን ግንኙነቱ ወደ ሽያጭ ወይም ወደ ልመና ይጠጋል፤ ተቀባዩም ወረቀቱን የማስቀመጥ ፍላጎቱ ይቀንሳል። በስልክ የሚላክ የመልካም ምኞት ምስልም የካርዱን ቦታ በከፊል ወስዷል። በሌላ በኩል በእጅ የሚሠራው ሥዕል ገንዘብ ስለማይጠይቅ የኅትመት ካርድ መግዛት በማይቻልበት ቤት ልማዱን የሚያቆየው እርሱ ነው።

አጠባበቅ

የእንቁጣጣሽ ሥዕሎች ብዙ ጊዜ በግድግዳ ላይ ተለጥፈው ይቆዩና ይጠፋሉ። ለማቆየት የሚፈልግ ቤተሰብ በደብተር ሊያሰባስባቸው ይችላል። ጋዜጣ ውስጡ ካለው የእንጨት ንጥረ ነገር የተነሣ ቶሎ ቢጫ ስለሚሆንና አጠገቡ ያለውንም ስለሚያበላሽ ከሥዕሉ ጋር ባይነካካ ይመረጣል። ፕላስተር ሲያረጅ ደርቆ ይለቃል፤ ቡኒ ምልክትም ይተዋል። የዱቄት ሙጫ በረሮና አይጥ ስለሚስብ ደብተሩ በደረቅና በተዘጋ ቦታ ይቀመጣል። ሥዕሉን ሙሉ በሙሉ ከመለጠፍ አራቱን ማዕዘን በትንንሽ የወረቀት ኪስ ውስጥ ማስገባት ይሻላል፤ በዚህ መንገድ ሳይቀደድ ሊወጣ ይችላል። በጀርባው በእርሳስ የልጁ ስም፣ ዕድሜውና ዓመተ ምሕረቱ ሲጻፍ ሥዕሉ በኋላ የማንና የመቼ እንደሆነ ይታወቃል።