ተማሪዎች በአካባቢ ጥበቃ ጉባኤ፤ ከስቶክሆልም እስከ ሪዮ

ተማሪዎችን ስለ አካባቢ ጥበቃ በሚመክር ጉባኤ ማሳተፍ ዛሬ በብዙ አገሮች የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ወጣቱ በጉባኤ አዳራሽ መቀመጫና ቃል ያገኘው ደረጃ በደረጃ ነው። የዚህ ታሪክ አካሄድ ለመምህሩም ሆነ ለትምህርት ዕቅድ አውጪው የሚሰጠው ቁም ነገር አለ።

እ.ኤ.አ. በጁን 1972 በስቶክሆልም ከተማ 113 መንግሥታት የተካፈሉበት ዓለም አቀፍ የአካባቢ ጉባኤ ተካሄደ። የጉባኤው መግለጫ በ19ኛው መርሕ፣ ስለ አካባቢ ለወጣቱም ለአዋቂውም ትምህርት መስጠት አስፈላጊ መሆኑን አረጋገጠ። በዚህ መርሕ ወጣቱ የሚታየው እንደ ተቀባይ ነው፤ የሚማር እንጂ የሚመክር አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1977 ዩኔስኮ በትብሊሲ የጠራው ጉባኤ አንድ እርምጃ ወደፊት ተራመደ። የአካባቢ ትምህርት ዓላማዎች ንቃት፣ ዕውቀት፣ ዝንባሌ፣ ክህሎትና ተሳትፎ እንዲሆኑ ወሰነ። «ተሳትፎ» የሚለው ቃል ከዓላማዎቹ መካከል መግባቱ ተማሪው ችግሩን ከማወቅ አልፎ በመፍትሔው እጁን እንዲያስገባ በር የከፈተ ነው።

በሩን አልፈው የገቡት ግን በመንግሥት የተወከሉ ወጣቶች ብቻ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በጁን 1992 በሪዮ ዴ ጄኔሮ በተደረገው ጉባኤ ከካናዳ የመጡ፣ ዕድሜያቸው 12 እና 13 ዓመት የሆነ አራት ልጃገረዶች ተገኙ። አስቀድመው የራሳቸውን የአካባቢ ጥበቃ ማኅበር አቋቁመው የሠሩ ሲሆን፣ የጉዞውንም ገንዘብ ያሰባሰቡት ራሳቸው ነበሩ። ከእነርሱ አንዷ ሰቨርን ሱዙኪ በጉባኤው ፊት ለስድስት ደቂቃ ያህል ተናገረች። የንግግሯ ፍሬ ነገር፣ ትልልቆች ለሕፃናት ተካፈሉ፣ ያበላሻችሁትን አጽዱ እያሉ እያስተማሩ፣ ራሳቸው ግን የማይፈጽሙት ለምንድን ነው የሚል ነበር። ጥያቄው በቀጥታ መምህራንን የሚመለከት መሆኑ አያጠራጥርም።

በዚያው ጉባኤ የጸደቀው «አጀንዳ 21» 25ኛውን ምዕራፍ ለሕፃናትና ለወጣቶች መደበ። ወጣቶች በየደረጃው በሚደረግ ውሳኔ እንዲሳተፉ ጠየቀ። ከዚሁ ጋር እያንዳንዱ አገር እስከ 2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ከወጣቶቹ ከ50 በመቶ በላይ የሚሆኑት፣ ሴትና ወንድ ተመጣጥነው፣ የሁለተኛ ደረጃ ወይም ተመጣጣኝ የሙያ ትምህርት እንዲያገኙ አሳሰበ። የሁለቱ ጥያቄዎች በአንድ ምዕራፍ መቀመጥ በአጋጣሚ የሆነ አይመስልም። ከትምህርት ገበታ የራቀ ወጣት በጉባኤ ስለ እርሱ ቢነገርለት እንጂ እርሱ ሊናገር አይችልምና።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፣ ጉባኤ የሥራ መጀመሪያ ሳይሆን የሥራ ፍሬ የሚቀርብበት መድረክ መሆኑን ነው። በአገራችን ትምህርት ቤቶች የሚዘጉበት ክረምት ችግኝ የሚተከልበት ወቅትም ነው። ተክሎ የተንከባከበ፣ የደረቀበትንም ምክንያት የመረመረ ተማሪ ወደ ጉባኤ ሲሄድ የሚናገረው ይኖረዋል። ስለዚህ ዕቅድ አውጪው ለጉባኤ ወጪ ከመመደቡ አስቀድሞ፣ ለትምህርት ቤት ክበባት ጊዜ፣ መሬትና መሣሪያ መመደቡን ማረጋገጥ ይገባዋል።