የሚያጉረመርመው ሞተር፦ ከጋፋት እስከ ጓሯችን ቶርኖ

ሰሞኑን ሦስት የድሮ ተማሪዎቼ በየፊናቸው አንድ ዓይነት ጥያቄ ላኩልኝ። «ቲቸር፣ ቶርኖው ሲበራ ሞተሩ እምምም ይላል እንጂ አይዞርም። ተቃጥሎ ይሆን?» አንዱማ ለመዳብ ሽቦው ብሎ በኪሎ ሊሸጠው ተስማምቶ ነበር! ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው ብዬ ነው፤ ነገሩ ታሪክም አለውና ትንሽ ታገሱኝ።

የእኛ አገር የማሽን ታሪክ ሲነሳ ከደብረ ታቦር ወጣ ብላ ያለችው ጋፋት አትቀርም። አፄ ቴዎድሮስ እነ ዋልድማየርን፣ እነ ዛልሙለርን፣ እነ ሞሪትዝ ሆልን ሰብስበው መድፍ ያሠሩባት ቦታ ናት። ሴባስቶፖልን ሁሉም ያውቀዋል። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሳይደርስ የቀረው ዕቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1866 ንጉሡ ሚስዮናዊውን ፍላድን ወደ እንግሊዝ ላኩት፤ ባለሙያና ማሽን እንዲላክላቸው። እውነትም ተልኮ ምጽዋ ደረሰ። እንግሊዝ «መጀመሪያ እስረኞቹ ይፈቱ» አለች፣ ንጉሡም «መጀመሪያ ባለሙያዎቹ ይምጡ» አሉ፤ በመሀል ዕቃው ከባሕር ዳርቻው ሳይነሳ ቀረ። በ1867 ጥቅምት ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። ያን ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ ሰው ጎተተው፤ መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። (ያ ማሽን ጋፋት ቢገባ ጃፓንን እናክል ነበር ለሚለው ክርክር ሌላ ቀን እንገናኝ።)

የኤሌክትሪክ ሞተር ደግሞ ከዚያ ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ መልክ ያዘ። በ1885 ቶሪኖ ላይ ጋሊሌዮ ፌራሪስ፣ ከእሱ ጋር ሳይገናኝ ደግሞ ኒኮላ ቴስላ፣ አንድ ሐሳብ አገኙ፦ ተራ በተራ የሚመጡ የኤሌክትሪክ ሞገዶች በሽቦ ጥቅሎች ውስጥ ሲያልፉ የሚሽከረከር የማግኔት ኃይል ይፈጥራሉ። ቴስላ በ1888 የባለቤትነት መብቱን አገኘ። በ1889 ዶብሮቮልስኪ የሦስት ፌዝ ሞተሩን ሠራ። ሦስት ሴቶች ባንድ ሙቀጫ ተራ በተራ ሲወቅጡ አስቡ፤ አንዷ ስታነሳ ሌላዋ ታወርዳለች፣ ክፍተት የለም። ስለዚህ የሦስት ፌዝ ሞተር ራሱ ይነሳል።

አንድ ፌዝ ብቻ ሲሆን ግን ኃይሉ እንደ ሁለት ሰው መጋዝ ነው፤ ወደዚህና ወደዚያ ይመላለሳል እንጂ አይዞርም። ሞተሩ ጉልበት አለው፣ የሚነሳበት አቅጣጫ ግን የለውም። እምምም የሚለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ጥቅል ተጨመረለት፤ ርካሽ ካፓሲተር በ1930ዎቹ ሲስፋፋ ደግሞ የዚያን ጥቅል ሞገድ ከዋናው የሚያስቀድመው እሱ ሆነ። ሞተሩ ፍጥነት ሲይዝ ሴንትሪፉጋል ስዊቹ መነሻ ጥቅሉን ያላቅቀዋል፤ ሥራው አልቋልና።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ሙያው በጣሊያንኛ ነው የሚናገረው፦ ቶርኖ፣ ቺንጋ፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቢቴ። (ቶርኖ ከቶሪኖ ከተማ ጋር አይዛመድም፣ ተማሪ ሁሌ ይጠይቀኛል።) በእኛ አካባቢ ግን ሙያውን በትምህርት ያስፋፋው በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ነው፤ በዓመቱ የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። ትልልቆቹ ማሽኖች በሦስት ፌዝ ነበር የሚሠሩት። አሁን ቶርኖው ወደ ጓሮ ገብቷል፣ የቤቱ መስመር ግን አንድ ፌዝ ነው። የእናንተ ጣጣ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

እንግዲህ ሥራው። መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ካፓሲተሩን በሬዚስተር አራግፉት፤ ከመስመር ተነቅሎም ይመታል። ቺንጋውን አውጡና ዘንጉን በእጅ አዙሩት። ካልዞረ ጥፋቱ ኩሽኔታው ነው፣ ኤሌክትሪኩን አትክሰሱ። ከዞረ፣ ዘንጉን አሽከርክሩት፣ እጃችሁን አርቁና ወዲያው አብሩ። ባሽከረከራችሁት አቅጣጫ ተነስቶ ከሮጠ ዋናው ጥቅል ደህና ነው ማለት ነው፤ የጠፋው መነሻው፦ ካፓሲተሩ፣ ስዊቹ፣ ወይ መነሻ ጥቅሉ። ብዙ ጊዜ ካፓሲተሩ ነው፣ ወይም የስዊቹ ነጥቦች አቧራና ብረት ብናኝ ይዘዋል። ስታበሩት ከጥቂት ሰከንድ በላይ ሳይዞር አታቆዩት፤ ሳይቃጠል የመጣውን ሞተር የሚያቃጥለው ይሄ ነው። የሦስት ፌዝ ሞተርም አንድ ፌዝ ከጎደለበት እንዲሁ ያጉረመርማል።

ቮልቴጁን ሞተሩ ሊነሳ ሲታገል ለኩት፣ ባዶውን አይደለም። የመነሻ ጉልበት በቮልቴጅ ካሬ ነው የሚወርደው፤ 220 የነበረው 176 ሲሆን ጉልበቱ 64 በመቶ ብቻ ይቀራል። ቀጭን የማራዘሚያ ገመድ ይህን በቀላሉ ያደርጋል።

ለደብረ ታቦር ልጆች ደግሞ የተለየ ነገር አለ። ከተማችን 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ብዙ ሞተር የሚታሰበው እስከ 1,000 ሜትር ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ አያቀዘቅዘውም፣ ቶሎ ይግላል። ጠዋት ደግሞ የጉና ብርድ የማርሽ ሳጥኑን ዘይት ያወፍረዋል፣ ካፓሲተሩንም ያደክመዋል። «ጠዋት እምቢ ይላል፣ ረፋድ ላይ ይነሳል» ላልከኝ ልጅ መልሱ ይኸው። ዘይቱን ቀጠን ባለ ቀይር፣ ቺንጋውን አላልተህ አስነሳው፣ ካፓሲተሩን አስለካ። መዳቡን የሚገዛውን ሰውዬ ደግሞ ለጊዜው ስልኩን አታንሳለት።