ቋሚና ማገር፦ የእንጨት ግድግዳ ቃላትና የሕንፃ ደንብ በድሬዳዋ

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስለ ከበደው በ1895 ዓ.ም. ከግርጌው ሲያርፍ ከተማዪቱ ተቈረቈረች። ከደቻቱ ወዲህና ወዲያ ከዚራና መጋላ አደጉ፤ ከፈረንሳይኛው «ሸሚንደፈር» በከተማዪቱ አፍ ቀረ። ከኢጣልያንኛም ፌሮ፣ ብሎኬትና ሞራሌ በግንበኛውና በአናጢው ዘንድ ተለመዱ። የእንጨቱና የጭቃው ግድግዳ ግን ስሞቹን ከጥንቱ አማርኛ እንደ ያዘ ኖረ።

በዚህ ግድግዳ ቀጥ ብሎ የሚተከለው «ቋሚ»፣ በቋሚዎቹ ላይ አግድም የሚመታው ወይም የሚታሰረው «ማገር» ነው። በመካከሉ ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃ ይመረግበታል፤ በላዩ ልስን ይለበጣል። የበሩ ጐንና ጐን «መቃን»፣ የላዩ «ጉበን» ይባላል። ቤቱን የሚያጸናውን ሰው «ዋልታና ማገር» ማለታችንም ከዚሁ የመጣ ነው።

ቃሉ ሲሳሳት ግድግዳውም ይሳሳታል። በአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ደንብ ቋሚዎች በአብዛኛው በ40 ወይም በ60 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይቆማሉ። ተርጓሚ ይህን «የማገሮች ርቀት» ብሎ ቢጽፈው አናጢው አግድሙን እንጨት ለክቶ ይመልሳል፤ ሸክም የሚችለው ቋሚ ተራርቆ ይቀራል። ተቆጣጣሪውም በወረቀቱ መሠረት ጥፋት አያገኝም። በዚያው ደንብ ሸክም ያለበት ቋሚ ከስፋቱ ከ25 በመቶ በላይ እንዳይጠረብ ተከልክሏል፤ ሸክም ለሌለበት እስከ 40 በመቶ ይፈቀዳል። ስለዚህ «ሸክም ተሸካሚ ግድግዳ» እና «ከፋይ ግድግዳ» በትርጉም መለየት አለባቸው።

ሌላው ጉዳይ ነባር ግድግዳችን ለማያውቃቸው ክፍሎች ስም ማግኘት ነው። ከቋሚዎቹ ሥር የሚጋደመውን «የግርጌ አግዳሚ»፣ ከራሳቸው ላይ የሚጋደመውን «የራስጌ አግዳሚ»፣ ግድግዳው ወደ ጐን እንዳይዘም በአግድሞሽ የሚመታውን «ሰያፍ ድጋፍ» ብንል ከቋንቋው ጠባይ አንወጣም። በነባሩ ግንባታ ቋሚው ራሱ መሬት ውስጥ ይተከላል፤ ምስጥና እርጥበት የሚያገኙትም በዚያው ነው። በአዲሱ አሠራር ግን የግርጌ አግዳሚው ከመሠረቱ ጋር በብሎን መታሰር አለበት። «ግርጌ» የሚለው ቃል የተመልካቹን ዓይን ወደዚያው ይመራል።

ነገሩ ከወረቀት በላይ ነው። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙ ቤቶችም ተጠረጉ። እንዲህ ያለውን ጐርፍ በግድግዳ ሥራ ብቻ መመከት አይቻልም፤ ነገር ግን ቤት ከመሠረቱ ጋር ያለው ቁርኝት የሚፈተነው በእንዲህ ያለ ሌሊት ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ቁጥጥሩን «የሕንፃ ሹም» ለተባለ ባለ ሥልጣን ሰጠ። «ሹም» የቆየ ቃል ነው፤ ሕግ አውጪው አዲስ ሥራ ሰጠው።

እኛም ስያሜ ስንመርጥ ይህንኑ መንገድ እንድንከተል እናሳስባለን፤ አስቀድሞ አናጢውን መጠየቅ፣ ቃል ካለው መውሰድ፣ ከሌለው ከነባሩ ማዋቀር። ሹሙ ያየውን ጉድለት አናጢው በሚያውቀው ስም ካልጠራው፣ ትእዛዙ ቢጻፍም እንጨቱ እንደ ቆመ ይቀራልና።