ኅዳር ሲታጠን፣ ማስክ ሲወልቅ

በ2012 ዓ.ም. ክረምት ከገርጂ ወደ መገናኛ በሚኒባስ ታክሲ የተመላለሰ ሰው ይህን ትዕይንት አይረሳውም። ተሳፋሪው ማስኩን ወደ አገጩ አውርዶ ይጨዋወታል። ታክሲው ወደ ኢምፔሪያል ሲቃረብ ረዳቱ አንገቱን በመስኮት ያወጣና «ማስክ፣ ማስክ! ፖሊስ አለ» ይላል፤ የሁሉም እጅ በአንድ ጊዜ ወደ አፍንጫው ይነሣል። ፖሊሱ ሲታለፍ ማስኩም ተመልሶ ይወርዳል። ከእነዚያ እጆች አንዱ የእኔ እንደ ነበር ለመሸሸግ አልፈልግም። ያ ጊዜ ካለፈ ዓመታት ቢቆጠሩም አንድ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣም፤ ማስኩን የምናደርገው ለማን ነበር? ለበሽታው ወይስ ለፖሊሱ?

ለዚህ ጥያቄ በእኛ በተማርን ሰዎች ዘንድ የተለመደው መልስ «ሕዝባችን ግንዛቤ የለውም» የሚል ነው። መልሱ ለተናጋሪው ይመቻል፤ ራሱን ከሕዝቡ ነጥሎ ከፍ ባለ ስፍራ ያስቀምጥለታልና። እውነቱ ግን ይህ አይመስለኝም። ታክሲ ውስጥ ማስኩን ያወረደው ያው ሰው ማለዳ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በሎሚ ጠጥቶ የወጣ፣ በሽታውን የሚፈራ ሰው ነበር። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የነጭ ሽንኩርትና የሎሚ ዋጋ የናረው ሰው በሽታውን ስለ ናቀ አልነበረም። ስለዚህ የነገሩን ሥር ከአለማወቅ ውጭ መፈለግ ይኖርብናል፤ ለዚህም ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ መመለስ ይጠቅማል።

በኅዳር 1911 ዓ.ም. ዓለም «የእስፓኝ ጉንፋን» ያለው ወረርሽኝ አዲስ አበባን አጠቃ። አገራችን በወሩ ስም «የኅዳር በሽታ» አለችው። ዘመኑ የንግሥት ዘውዲቱ ነው፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው በጽኑ ታመው ለጥቂት ተርፈዋል። በከተማዋ ወደ አሥር ሺህ የሚጠጋ ሰው እንደ ሞተ ይገመታል። መቃብር ቆፋሪ ጠፋ፤ ሬሳ ሳይቀበር ዋለ አደረ። ሐኪሙ ጥቂት ነበር፤ ቢበዛም ፈዋሽ መድኃኒት በእጁ አልነበረም። በሽታውን የሚያመጣው ረቂቅ ተሕዋስ በሰው ላይ ተለይቶ የታወቀው በ1925 ዓ.ም. ገደማ በእንግሊዝ አገር ነውና በ1911 የአዲስ አበባ ሰው የተሰማው ጨለማ የለንደን ሰውም ጨለማ ነበር።

ከዚያ መከራ የቀረልን ቅርስ ኅዳር 12 ቀን፣ የኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ የሚነሣው ጭስ ነው። ቆሻሻው ከየግቢው ተጠርጎ ይወጣል፤ ከየደጃፉ ይከመርና ይነድዳል፤ ከተማው «ኅዳር ሲታጠን» በሚባለው ጭስ ይሸፈናል። ጭሱ ጉንፋን እንደማያባርር፣ ይልቁንም ሳንባ እንደሚጎዳ ዛሬ እናውቃለን። ይሁን እንጂ ይህን ልማድ የታሪክ ተማሪ ሊያልፈው አይገባም። ንግሥቲቱ አልፈው፣ ንጉሠ ነገሥቱ አልፈው፣ ደርግም አልፎ ልማዱ አላለፈም። ላላጨሰ ሰው የተደነገገ ቅጣት የለም፤ በየደጃፉ የሚቆም ፖሊስ የለም። ሕዝቡ ደንቡን የራሱ አደረገው፤ ራሱም ጠበቀው። የጠፋው ምክንያቱ ነው። ዛሬ በሲኤምሲ ጎዳና ዳር ቅጠልና ካርቶን የሚያነድደውን ወጣት ለምን እንደሚያነድድ ቢጠይቁት፣ አሥር ሺህ ሙታንን የሚያነሣልዎት ስንቱ ነው?

የኮሮናው ዘመን ደንብ ዕጣ የዚህ ተቃራኒ ሆነ፤ ምክንያቱ በየቀኑ በቴሌቪዥን ቢነገርም ደንቡ ሁለት ዓመት እንኳ በቅጡ አልቆየም።

ሂደቱን በአጭሩ እናስታውስ። የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ከመጋቢት 14 ጀምሮ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የሚገባ መንገደኛ ሁሉ ዐሥራ አራት ቀን ተለይቶ እንዲቆይ ተደረገ፤ ስካይላይትን የመሰሉ ሆቴሎችም ለዚሁ ዋሉ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፤ መጨባበጥ ተከለከለ፤ በሕዝብ መገልገያ ስፍራ ማስክ ግዴታ ሆነ፤ ታክሲ በግማሽ እንዲጭን ታዘዘ። አዋጁን የጣሰ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም እስከ 200 ሺህ ብር መቀጮ ይጠብቀው ነበር። ሺህ ዘመን ልንቀበልበት የሠራነው የቦሌው ሚሌኒየም አዳራሽ የሕሙማን ማቆያ ሆነ።

ከእነዚህ ደንቦች ሁሉ ሕዝቡ ወዲያውኑ የተቀበለው እጅ መታጠብን ነው። በየታክሲ ተራው ጀሪካንና ሳሙና ይዘው የመንገደኛውን እጅ ያስታጥቡ የነበሩትን ወጣቶች አስታውሱ። ማንም አላስገደዳቸውም፤ ታጣቢውም አላጉረመረመም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እንግዳን ማስታጠብ ከማዕድ በፊት የሚፈጸም የአክብሮት ሥርዓታችን ነው። ደንቡ በነባሩ ልማድ በር ገባ፤ ቤተኛም ሆነ። በዚያው ሰሞን ካህናት ማዕጠንት ይዘው በከተማዋ ጎዳናዎች ሲያጥኑ ያየ ሰውም የ1911 ኅዳር ከሕዝቡ ልብ ጨርሶ እንዳልወጣ ይገባዋል።

ሕዝቡ ግን በጎውን ብቻ አልነበረም ያወጣው። በሽታው በቦሌ በኩል የመጣ የባዕድ ሰው በሽታ ነው የሚል ወሬ ስለ ተነዛ፣ በጎዳና ላይ የውጭ አገር ሰዎች «ኮሮና» እየተባሉ ተሰደቡ፤ መጋቢት 9 ቀን የአሜሪካ ኤምባሲ ስለዚሁ ለዜጎቹ ማስጠንቀቂያ እስከ ማውጣት ደረሰ። በእንግዳ ተቀባይነቱ የሚኮራ ከተማ እንግዳውን ሲሰድብ ያየነው በዚያ ወር ነው። የራስ ልማድ ሁሉ ደግ ነው ለማለት የሚቃጣው ሰው ይህን ማስታወስ አለበት።

የታክሲው ደንብ ግን የኪስ ጉዳይ ነበር። ጭነቱ በግማሽ ሲቀንስ ታሪፉ በእጥፍ አደገ። ከጎሮ ወይም ከሰሚት ተነሥቶ ወደ ቀን ሥራው ለሚሄድ ሰው ይህ ከዕለት እንጀራው ላይ የሚቆረስ ነበር። በአንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሆኖ ለሚያድር ቤተሰብ «ርቀትህን ጠብቅ» ማለትም ትርጉሙ አይገባም። መኪና ያለንና ደመወዛችን ያልተቋረጠ ሰዎች ደንቡን የጠበቅነው ከሌላው ይልቅ ጨዋ ስለ ሆንን ሳይሆን ዋጋው ስለ ቀለለን ነው።

ከሁሉ የከበደው የለቅሶው ደንብ ነበር። በግንቦት 2012 ዓ.ም. የሰፈራችን አንዲት እናት ባለቤታቸውን በሞት አጡ። በሽታው ኮሮና አልነበረም። እኔ ማስኬን አጥብቄ ከበራቸው ቆምሁ፤ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልሁና ሳልገባ ተመለስሁ። ሕግ አክባሪ የሆንሁ መስሎኝ ነበር። በመስከረም መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ሰላምታዬን ተቀብለው «እኔ የጠበቅሁት ጎረቤት ነበር፤ የመጣው ግን ዶክተር ሆነ» አሉኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም፤ ምክንያቱም በዚያው መስከረም፣ አዋጁ ካበቃ ገና ጥቂት ሳምንት እንደ ሆነው፣ በአንድ የሰርግ አዳራሽ ውስጥ ማስኬን ኪሴ ከትቼ ከብዙ መቶ ሰው ጋር ስጨፍር አምሽቻለሁ። ወረርሽኙ አልቆመም ነበር። ደንቡን የጠበቅሁት ዋጋውን ሌላ ሰው በሚከፍልበት ቦታ ነው፤ የጣስሁት ደግሞ እኔን ደስ በሚያሰኝበት። ስለ ሕዝቡ «ግንዛቤ ማነስ» ለመናገር አፌ የሚያዘው ከዚያ ወዲህ ነው።

የሰፈራችን ዕድር ግን ከእኔ የተሻለ መንገድ አገኘ። ሽማግሌዎቹ ተነጋግረው ለቀስተኛው በአንድ ጊዜ እንዳይጎርፍ በተራ እንዲገባ አደረጉ፤ ወንበሮቹን አራራቁ፤ በግቢው በር በርሜል ውኃና ሳሙና አኖሩ፤ ማቀፍና መሳም ቀርቶ እጅን ደረት ላይ አድርጎ ማጎንበስ እንዲበቃ ተናገሩ። ድንኳኑ አልቀረም፤ ሐዘንተኛውም ብቻውን አልተቀመጠም። ፖሊስ አልመጣም፤ ያኮረፈም አልነበረም። ይህ የሆነው በሰፈራችን ሦስተኛው ለቅሶ ላይ ነው፤ ለእኒያ እናት ዘግይቷል። እስከዚያ ድረስ ግን የዕድሩን ዳኛ «ይህን ደንብ እንዴት እንፈጽመው?» ብሎ የጠየቀው ባለሥልጣን እንደ ነበረ አልሰማሁም። ሕዝቡን ከሚቀብረው ድርጅት ጋር ሳይመክሩ ስለ ቀብር መደንገግ ምን ይባላል?

ደንቡን ያዳከመው ሌላው ነገር አርአያ ማጣት ነው። የነሐሴ 2012 ምርጫ በወረርሽኙ ምክንያት ሲራዘም በሽታው የፖለቲካ ክርክር ውስጥ ገባ፤ መንግሥትን የተጠራጠረ ሁሉ በሽታውን መጠራጠር ቀለለው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነት ሲፈነዳ ሞት ሌላ መልክ ያዘና ስለ ማስክ ማውራት እንደ ቅንጦት ተቆጠረ። መሰብሰብን የሚገድበው መመሪያ ሳይሻር፣ በሰኔ 2013 ዓ.ም. በምርጫ ቅስቀሳ የጅማ ስታዲየም በሕዝብ ሞልቶ ታየ። ያን በቴሌቪዥን የተመለከተ ባለታክሲ ሁለት ትርፍ ሰው ጫንህ ተብሎ ሲቀጣ ምን ያስብ?

ይህ የእኛ ብቻ በሽታ እንዳልሆነ ደግሞ ልብ እንበል። በለንደን ሕዝቡ ሟቹን እንዳይሰናበት ተከልክሎ ሳለ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ግብዣ ይደረግ እንደ ነበር ተጋልጦ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው ተቀጥተዋል። በ1911ዱ ወረርሽኝም በአሜሪካ የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ሰዎች «የፀረ ማስክ ማኅበር» አቋቁመው ግዴታው እንዲነሣ ታግለዋል። ማስክን አገጭ ላይ ማውረድ አበሻ የፈለሰፈው ጥበብ አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. የኮሮናን ዓለም አቀፍ አስቸኳይ ሁኔታ ማብቃት አስታወቀ። በመንግሥት ቁጥር በአገራችን ከ7 ሺህ 500 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ለእነርሱ መታሰቢያ የሚሆን ቀን የለንም፤ ኅዳርን የመሰለ ልማድም አላተረፍንም። ማስኩ ከወለቀ በኋላ ከአንደበታችንም ወለቀ።

ይህን ያነሣሁት ያለፈውን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። በኅዳር 2018 ዓ.ም. በጂንካ የማርበርግ በሽታ መገኘቱ ይፋ ሲሆን የሞት ዜና እንደ ገና በኅዳር መጣብን። ማርበርግ የታመመውን በመንካት፣ ሬሳውንም በማጠብና በመገነዝ የሚተላለፍ በሽታ ነው። እንዲህ ያለው ክፉ ቀን አንድ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ቢዘልቅ፣ ልማዳችን እንዳለ ቢቀጥል ይገድለናል፤ ልማዳችንን በዱላ እናስቁም ብንል ደግሞ ሬሳው በስውር ይቀበራል። ያን ጊዜ በፖሊስ የተጠበቀ ደንብ አያድነንም፤ ፖሊሱ የማይገባበት ቤት ብዙ ነውና።

1911 ምክንያቱ የጠፋበት ደንብ አወረሰን፤ 2012 ደግሞ ባለቤት ያጣ ምክንያት። ሁለቱን የሚያገናኝ ሥራ ገና አልተጀመረም። ሥራው ከባድ አይደለም፤ ወረርሽኝ በሌለበት ደህና ቀን የዕድር ዳኞችን፣ የየሃይማኖቱን አባቶችና የታክሲ ተራ አስከባሪዎችን ጠርቶ «ክፉ ቀን ቢመጣ ለቅሷችንን እንዴት እንለቀስ? መንገዳችንን እንዴት እንሂድ?» ብሎ መጠየቅና መልሳቸውን መጻፍ ነው። ጠያቂው ግን አስቀድሞ ራሱ ለደንቡ ይገዛ። እኔም ከእኒያ እናት ደጃፍ ልጀምር ብያለሁ፤ በመጪው ሙት ዓመት ቡናቸውን ጠጥቼ፣ ያልገባሁበትን ቤት ልገባ።

ቸር እንሰንብት።